በየቀኑ የሚድን ቁስል

አንድ ሰው ተራራ ጫፍ ላይ ብቻውን ይኖር ነበር። መናኝ እንዳይመስላችሁ፤ ዘበኛ ነው። ከቆላው አፋፍ ላይ የስልክ ማማ ተተክሏል። ሰውዬው ማማውን፣ ጄኔሬተሩንና የነዳጁን በርሜል ይጠብቃል። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጆቹም አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። አጠገቡ ያለው ሕያው ነገር መከታ የሚባል ውሻው ብቻ ነው።

ተራራው ጠብታ ውሃ የለውም። ውሃውም፣ ነዳጁም፣ ቀለቡም በወር አንድ ጊዜ በመኪና ይመጣል። ታዲያ ይህ ሰው የሚበላሽ ነገር አይወድም። ሹፌሩ አዝኖለት ቲማቲምና ቃሪያ በፌስታል ይዞለት ሲመጣ፣ «ምን ያደርግልኛል? በሦስተኛው ቀን ይበሰብሳል» ብሎ ይመልሰዋል። እሱ የሚያምነው ደረቅ ነገር ነው። በሶ፣ ደረቅ ቂጣ፣ መኮሮኒ፣ ሻይ፣ ስኳር። አስቀምጠኸው ብትሄድ ስትመለስ እንዳስቀመጥከው ታገኘዋለህ።

ቀደም ሲል አብሮት የሚሠራ ሌላ ዘበኛ ነበር። ሽንኩርቱን የሚከትፈውም ጎመኑን የሚቀቅለውም እሱ ነበር። ያ ሰው ሥራ ቀይሮ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ በሶና ቂጣ ለሰውዬው፣ በሶና ቂጣ ለውሻው ሆነ።

በሦስተኛው ወር ሰውዬው ይደክመው ጀመር። ከጎጆው እስከ ጄኔሬተሩ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ እሷን ሄዶ ይቀመጣል። «እርጅና ነው» አለ። በአራተኛው ወር ድዱ አበጠ፤ ቂጣ ሲገምጥ ቂጣው ላይ ደም ይቀራል። «ቂጣው ደረቀ» አለ። እግሩ ላይ በየጠጉሩ ሥር ቀይ ነጠብጣብ ወጣ። «ቁንጫ ነው» አለ። ለሁሉም መልስ አላጣም።

አንድ ቀን ግን ግራ ገባው። ውሻውን ጠርቶ አፉን በእጁ ፈልቅቆ አየ። ነጭ ጥርስ፣ ጤነኛ ድድ። የራሱን ድድ በጣቱ ነካ፤ ደም። የውሻውን ነካ፤ ምንም የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ምግብ አይደል እንዴ የምንበላው?» አለው ውሻውን።

ውሻው ጣቱን ላሰው፤ ሌላ መልስ አልሰጠም።

እስቲ እናንተ መልሱለት። አንድ ተራራ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ በሶ። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ መቆም አቃተው። ለምን? ገመታችሁ? ግምታችሁን ያዙልኝ፤ እንመጣበታለን።

በአምስተኛው ወር መጀመሪያ ላይ የባሰ መጣ። ሰውዬው በግራ ቅልጥሙ ላይ ረዥም ጠባሳ ነበረው፤ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ። ከዳነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ ጠዋት ሱሪው ከእግሩ ጋር ተጣብቆ አገኘው። ገልጦ ቢያይ ጠባሳው ተከፍቷል።

አልወደቀም። ምንም አልነካውም። ተኝቶ ነው ያደረው። አሥራ አንድ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ቁስል በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

ሰውዬው ቁጭ ብሎ እግሩን አየው። አሁን «ቁንጫ ነው» አላለም። ያ ቁስል በማን እጅ እንደ መጣ ያውቃላ።

የታላቅ ወንድሙ የዘውገ እጅ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ አንድ የመስኖ ቦይ ነበራቸው፤ በውሃው በተራ ያጠጡበታል። አንድ በጋ ውሃው ቀነሰ። ይኼኛው ተራዬ ነው ሲል ያኛው ተራዬ ነው አለ። አንዱ ቦዩን ሲከፍት ሌላው ሲዘጋ፣ ዘውገ የያዘውን አካፋ ወረወረ፤ የታናሹን ቅልጥም ሰነጠቀው። እግሩ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሽማግሌዎች ገቡ። ዘውገ ታላቅ ሆኖ ሳለ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ታናሹ ፊት ቆመ። ታናሹ ድንጋዩን አወረደለት፤ ከአንድ ትሪ በሉ። በመጨረሻ የአገሩ ትልቅ ሽማግሌ ተነሥተው ሁለቱንም አስማሉ። «ይህ ዕርቅ የፈረሰ ቀን ቁስሉ ራሱ ይናገር!» አሉ። ሕዝቡም «አሜን» አለ።

ይኸውላችሁ፣ ቁስሉ ተናገረ!

ለሰውዬው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለጠለት። ድካሙም፣ ደሙም፣ ድዱም። ዘውገ ዕርቁን አፍርሷል። ምን አድርጎ ይሆን? ውሃዬን ጠልፎት ነው፤ ድንበሬን ገፍቶት ነው፤ በስሜ አንድ ነገር ፈርሞ ነው። አንዱንም አላየም፣ አንዱንም አልሰማም። ግን ቁስሉ መስክሯል። ከቁስል የበለጠ ምን ምስክር አለ?

ከዚያ ያደረገውን ስሙ። ከጎጆው ግድግዳ ላይ የአባቱን አሮጌ ምንሽር አወረደና በዘይት ወለወለው። ወንድሜን «ምን አደረግህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ አለ።

ለመጠየቅ? ወገኖቼ፣ አፍ እያለው ለመጠየቅ ጠመንጃ የሚወለውል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የወሩ መኪና ሲመጣ አብሮ የተላከለትን ተተኪ ዘበኛ አስቀርቶ ተሳፈረ። ሹፌሩ ፊቱን አይቶ ደነገጠ። «ጋሽ ሞላልኝ፣ ምን ሆነው ነው? ምን ነካዎት?» አለው። እንግዲህ ስሙንም ሰማችሁ፤ ሞላልኝ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ውሻው ከኋላ ከባዶ በርሜሎች ጋር ቆሟል። መንገዱ ከዋናው አስፋልት የሚገናኝበት ትንሽ ከተማ ሲደርሱ ሹፌሩ ሳይጠይቀው ጤና ጣቢያው በር ላይ አቆመ።

«ይህን እግር ይዘው የትም አይሄዱም» አለው።

ሞላልኝም አሰበ። የወንድሙ ቀበሌ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እግሩ ካልታሰረ አያደርሰውም። ለመንገዱ ያህል ይታሰርልኝ ብሎ ወረደ።

የተቀበለችው ሲስተር የዝና ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ጥያቄ የማይታክታት ሴት።

«ለመንገድ ብቻ እሰሪልኝ» አላት።

«መንገዱ ወዴት ነው?»

«ወንድሜ ጋ።»

ትከሻው ላይ ያለውን አየች። «ወንድም ጋ በምንሽር ነው እንዴ የሚኬደው? ለማንኛውም እዚህ በጠመንጃ አይገባም፤ ለበሩ ዘበኛ ይስጡልኝ» አለችው። ዘበኛው ለዘበኛ አስረከበ። ውሻውም በሩ ላይ ቀረ።

ቁስሉን ገለጠች። ከዚያ እንደማሰር ሌላውን እግር ገለጠች። ነጠብጣቡን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። አንዱን ጠጉር ጎንበስ ብላ አየችው፤ እንደ ጥምጥም ተጠምዟል። «አፍዎን ይክፈቱ» አለች። ድዱን አየች።

«ምን ይበላሉ?»

«በሶ።»

«ከበሶ ሌላ?»

«ቂጣ።»

«ከቂጣ ሌላ?»

«ሻይ።»

«ከሻይ ሌላ እኮ ነው የምልዎት።»

«ስኳር አለበት» አላት ቆጣ ብሎ።

«ጎመን? ቃሪያ? ሎሚ? ድንች?»

«ይበሰብሳላ!»

ሲስተር የዝና ብድግ ብላ ወጣች። ስትመለስ ፊቷ በርቷል፤ አሮጌ የትምህርት ደብተር በእጇ ይዛለች። «ጋሽ ሞላልኝ፣ ይህን በሽታ እስከ ዛሬ በሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው!» አለችው።

«እኔ ስታመም አንቺ ደስ አለሽ?»

«አይ፣ ይቅርታ» አለች አፍራ፤ ግን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። የሚፈልገውን ነገር ያገኘ ሰው እንዲህ ነው። «የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው ያለብዎት። ድሮ ወራት ሙሉ ባሕር ላይ የሚከርሙ መርከበኞችን በደረቅ ምግብ የተነሣ ይፈጃቸው ነበር። እርስዎን ደግሞ ተራራ ላይ አገኘዎት።»

ሞላልኝ ሳቀባት፤ ሲስቅ ድዱ ደማ። «ቫይታሚን ለሕፃናት ነው። ይህ ቁስል ከዳነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቫይታሚን ምን አገባው? ይህንንስ የከፈተው ሌላ ነገር ነው።»

እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንዲህም አለችው፤ በደንብ ስሙልኝ፤

«እርስዎ ጠባሳን አንዴ ተዘግቶ የቀረ በር አድርገው ነው የሚያስቡት። እንደዚያ አይደለም። ሥጋን ከሥጋ ይዞ የሚያቆም ክር የመሰለ ነገር አለ። ይህ ክር ያረጃል። ሰውነት አሮጌውን እየፈታ በአዲስ ይተካዋል፤ ቀን ከቀን፣ ሳያርፍ። ጠባሳ ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይፈታል፣ ይበልጥም ይሰፋል። ያ አዲስ ክር እንዲጠነክር ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። እሱ ሲጠፋ መፍታቱ አይቆምም። የሚቆመው መስፋቱ ነው። ስለዚህ የአሥራ አንድ ዓመቱም ይከፈታል፤ የሃያ ዓመትም ቢሆን ይከፈታል።»

ሞላልኝ እግሩን አየ። «ታዲያ ድሮም አልዳነም ነበር ነው የምትዪኝ?»

«ድኖ ነበር። ግን በየቀኑ ነበር የሚድነው። እርስዎ አያውቁትም እንጂ፣ ምሳ ላይ በበሏት ቃሪያ ነበር የሚድነው።»

ሞላልኝ ይህን ነገር ወዲያውኑ አልዋጠውም። «ቆይ፣» አላት፣ «ያ በር ላይ የቆመው ውሻ አምስት ወር ሙሉ እኔ የበላሁትን ነው የበላው። እሱስ ለምን አልታመመም?»

ሲስተር የዝና በጥያቄው በጣም ተደሰተች። «ጥሩ ጠየቁ! ውሻ ራሱ ይሠራዋላ፣ ጉበቱ ውስጥ። ፍየልም ይሠራዋል፣ ላምም ትሠራዋለች። ሰው ግን አይችልም። ለእኛ ከውጭ መምጣት አለበት። ቢመጣም ብዙ አናጠራቅምም፤ ሁለት ሦስት ወር ከቀረብን ያልቃል።»

«ውሻ የሚችለውን እኔ አልችልም?»

«አይችሉም።»

ያዙልኝ ያልኳችሁ ግምት ይኸው ነው። ስንቶቻችሁ አገኛችሁት? እኔም ብሆን አላገኘውም ነበር። ሰው ከውሻ ይበልጣል ስንል ኖረን፣ በዚህ ነገር ውሻው በለጠን። እኛን እግዚአብሔር በየቀኑ እንድንለምን አድርጎ ተወን።

ሞላልኝ አልጋ ያዘ። ኪኒን ሰጡት፣ ቁስሉን አጠቡለት። ሲስተር የዝና እየጠቀለለችለት ሳለ ቀስ ብሎ የዕርቁን ነገር አወጣላት። የቦዩን፣ የአካፋውን፣ የድንጋዩን፣ ሽማግሌው ያስማሉትን መሐላ። «ቁስሉ ራሱ ይናገር ተብሎ ነበር፤ ተናገረ። አንቺ የቫይታሚን ነው ትያለሽ። እኔ ግን ዕርቁ ፈርሷል ነው የምለው።»

«ስለ መሐላው እኔ አላውቅም» አለችው። «ግን ልጠይቅዎት። ወንድምዎን መጨረሻ ያናገሩት መቼ ነው?»

ሞላልኝ ዓመቱን በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

ማሰብ ጀመረ። ያ ዕርቅ በተደረገ በመጀመሪያው ፋሲካ ዘውገ ከቅርጫው ሥጋ ላከለት። ተቀበለ፤ «ምን አስቸገረው፣ ታርቀን የለ» አለ። በሁለተኛው ዓመትም ላከ። በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀረ። እሱ ግን አንድም ቀን መልሶ አልላከም። የዘውገ ሚስት ታማ ስትከርም «እግዚአብሔር ይማራት» አለ፤ እግሩን ግን አላነሣም። ሠርግ ላይ ሲተያዩ በሩቁ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ጠብ የለም፣ ስድብ የለም፣ ክፉ ቃል የለም። ዕርቁ በሰላም ተቀምጧል። የሞላልኝ ነገር ይኼ ነው፤ አንዴ የተጠናቀቀ ነገር ሲነካካ አይወድም።

እንዲያ ሲል ሰባት ዓመት አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

«እንግዲህ አስታማሚ ያስፈልግዎታል» አለችው ሲስተር የዝና። «ምግብ የሚያመጣ፣ ሎሚ የሚጨምቅ፣ ደግፎ የሚያነሣ። ማን አለዎት?»

«ማንም የለኝም።»

«አሁን ወንድም አለኝ አላሉም?»

«እሱን ተዪው።»

«ቁጥሩን ይስጡኝ።»

እምቢ አለ። ጠዋት ጠየቀችው፣ እምቢ አለ። ቀትር ላይ ሾርባ ይዛለት መጥታ ጠየቀችው። ዓመታት ሙሉ የስልክ ማማ ሥር ተቀምጦ የአገሩ ሰው ሁሉ ወሬ በራሱ ላይ ሲያልፍ የኖረ ሰው፣ ስልኩን ከፍቶ ዘውገ የሚለውን ስም ፈልጎ ሰጣት። አንድም ቀን ያልደወለበት ቁጥር ነው። እሷ ስትደውል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለምን ሰጣት? እኔም ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ቁጣው በርዶለት ነው? አይመስለኝም። ምናልባት «ይምጣና እዚሁ ይለይልን» ብሎ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ሰው አማረው። እሱ ራሱም ያወቀው አይመስለኝም።

በማግስቱ ዘውገ መጣ። አርጅቷል። ሞላልኝ የሚያስታውሰው ያ ጎበዝ አርሶ አደር ቀርቶ፣ ሽበቱ የወጣ፣ ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ ፌስታል፣ በሌላው ከዘራ ይዟል።

ሞላልኝ አስቀድሞ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት። ዘውገ ቀድሞ፣

«የአባባን ምንሽር በሩ ላይ አየሁት» አለ።

ያ ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው፤ ሰደፉ በጠፍር የታሰረ፣ ልጆች ሆነው ሁለቱም የተማሩበት። ወንድሙ አወቀው። ወዴት እየተወሰደ እንደነበረም ለመገመት ሩቅ አይደለም።

«አይተህ ገባህ?» አለው።

«አይቼ ገባሁ። የጠሩኝ አስታማሚ ብለው ነው፤ ለሌላ ነገር መጠራቴን አልነገሩኝም።»

«ጋሼ፣ ወደ አንተ እየመጣሁ ነበር።»

«ገብቶኛል።» ዘውገ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። «ከመተኮስህ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንህ። እግርህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«እግርህን። እኔ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን አካፋውን ስወረውር ደም አየሁና ሮጥኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ስቆም ድንጋይ አንገቴ ላይ ነበር፣ መሬት መሬት ነበር የማየው፤ አንተም ሱሪ ለብሰህ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ያህል ይሆን ስል ኖርኩ። ልጠይቅህ ስል አፈርኩ። ሥጋ ስልክልህ ዝም ስትል፣ ፊቴን ማየት አልፈለገም ብዬ ተውኩት።»

ሞላልኝ አንሶላውን ገለጠ። በሩ ላይ የነበረችው ሲስተር የዝና ገብታ ፋሻውን ፈታችው።

ዘውገ ጎንበስ ብሎ አየ። ከላይ እስከ ታች አየ። ከዚያ አለቀሰ፤ ያ ሽማግሌ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ይህን ያህል ነበር? ይህን ያህል?» አለ።

«ያኔ ከዚህ ይብስ ነበር» አለው ሞላልኝ። «አሁን ደግሞ አንተ አይደለህም የከፈትከው። እኔ ነኝ ጋሼ። ቃሪያ ሳልበላ ቀርቼ ነው።»

ሲስተር የዝና መሳቅም ማልቀስም ስላቃታት ወጥታ ሄደች።

ዘውገ አሥራ አራት ቀን አስታመመው። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተኛ። ሎሚ ይጨምቅለታል፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይከትፍለታል፣ ሞላልኝም ሳይበሰብስ ይበላዋል። በሦስተኛው ቀን ሞላልኝ ያለ ድጋፍ ቁጭ አለ። በሳምንቱ ድዱ መድማት ተወ። ቁስሉ ከዳር ከዳሩ መግጠም ሲጀምር በየጠዋቱ «እስቲ ዛሬ ምን ያህል ሄደ?» እየተባባሉ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ያዩታል። ያወራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። እናታቸው ማንን ታበልጥ እንደነበረ እስከ ዛሬም አልተስማሙም። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩትን በሁለት ሳምንት ሊጨርሱት አልቻሉም፤ ሞላልኝ ሥራውን ትቶ እንዲወርድ ተነጋግረው ተስማሙ፤ ወሬው ገና ስላላለቀ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

በመጀመሪያ፣ ብርቱካኑንም ሎሚውንም ግዙ። ጎመኑንም እንደ ቆሻሻ ጨርቅ እስኪሞት እየቀቀላችሁ ውሃውን አትድፉት። ሥጋችሁም የእግዚአብሔር ነው፤ ተጠንቀቁለት። በዚህ ስትስቁብኝ አያለሁ፤ ግን እውነቴን ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ «እኔ ከማንም አልተጣላሁም» የምትሉ አላችሁ። እውነታችሁን ነው። ተጣልታችሁ ነበር፤ ታረቃችሁ። ሽማግሌ ገባ፣ ተሳሳማችሁ፣ አብራችሁ በላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ ተፈታችሁ። አለቀ።

አለቀ?

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ደጁን ረገጣችሁት? ልጁ ሲዳር የት ነበራችሁ? ሲታመም «ይማረው» ያላችሁት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ አይደለም? እናንተ ባልና ሚስት፣ ያ ትልቁ ጠብ ካለፈ በኋላ «በዚያ ጉዳይ አንነጋገርም» ብላችሁ ዘጋችሁት። ጥሩ። በሌላውስ ጉዳይ ትነጋገራላችሁ? ወይስ ዝምታው ወደ ምሳውም፣ ወደ እራቱም፣ ወደ አልጋውም ተሻገረ?

ክፉ አላደረጋችሁም፤ አውቃለሁ። ሞላልኝም ክፉ አላደረገም። ዕርቁን ያስቀመጠው እንደ በሶው ነው፤ ደረቅ አድርጎ፣ የማይበላሽ አድርጎ። ቁስል ግን እንደዚያ አይድንም። መፍታቱ አይቆምም፤ ሳይሰፉት ከቀሩ መፈታቱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ አንድ ጠዋት ምንም ሳይነካችሁ ያ የድሮ ነገር ይከፈትና ትደነግጣላችሁ። «እሱ ምን አደረገኝ?» ትላላችሁ። ምንም አላደረጋችሁም። ምንም ነገር አለመደረጉ ነው የከፈተው።

በየቀኑ ስንጸልይ የዕለት ምግባችንን እንለምናለን። ያንን ከለመንን በኋላ ምን ቀጥለን እንለምናለን? ይቅርታን። ለምን ጎን ለጎን ሆኑ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልጠየቅኩም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሁለቱም ለዛሬ ስለሆኑ ይመስለኛል። የትናንቱ ምሳ ለዛሬ አይሆንም፤ የዛሬ አሥር ዓመቱም ይቅርታ ለዛሬ አይሆንም። ይህን ደግሞ ከራሳችን ውስጥ አንሠራውም። ከላይ ይሰጠናል፣ እኛም ለሌላው እንሰጣለን፤ ነገም እንደገና።

እስቲ አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንድ ሰው ወደ ልባችሁ መጥቷል፤ ስሙን እኔ አላውቅም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። የታረቃችሁት ሰው ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእሱ ስም ስልካችሁ ላይ ብልጭ ቢል ምን ትላላችሁ? «ማን ሞተ?» ብላችሁ አይደል የምትደነግጡት? ያለ ሞት እንደማይደውልላችሁ ታውቃላችሁ።

እንግዲያውስ እናንተ ቅደሙት። ከዚህ ስትወጡ፣ ገና በሩ ላይ ሳላችሁ ደውሉለት። እሱም «ማን ሞተ?» ይላችኋል። «ማንም አልሞተም፣ እንዴት ዋልክ ልልህ ነው» በሉት።